የኤሌክትሪክ መኪና ሌሊቱን ተሰክቶ አድሮ ለምን አይሞላም? ከአዳማ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ማስታወሻ

ባለፈው ስለ ባትሪ ጽፌላችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጊዜዬን የወሰደው ቻርጅ ነው። አዳማ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ጋራዥ ሲመጣ ስለ ሞተሩ ብዙም አይጠይቅም። «ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው አድሬ ለምን አልሞላም?» ነው የሚለው። እንደ እኔ ከዲናሞና ከሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ሥራ ወደዚህ ለምትሻገሩ የሙያ ጓደኞቼ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ የቀረበልን መኪና የትኛው እንደሆነ እንለይ። ደንበኛው ሁሉንም «ኤሌክትሪክ» ብሎ ይጠራዋል። ተራ ሃይብሪድ፣ ለምሳሌ ቶዮታ ፕሪየስ፣ ከቤት መብራት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ባትሪውን የሚሞላው ከራሱ ሞተርና ፍሬን ሲያዝ ከሚገኘው ኃይል ነው። ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ ደግሞ ቤንዚንም ይጠጣል፣ ይሰካልም። ባትሪው አነስተኛ ስለሆነ በተራ ሶኬትም ቢሆን ሌሊቱን ይሞላል። ሬንጅ ኤክስቴንደር የሚባለው ላይ የቤንዚኑ ሞተር ሥራው እንደ ጀነሬተር ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነው፤ ጎማውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። በሃይድሮጅን የሚሄዱም አሉ፤ እሱን አሁን እንለፈው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ እጃችን ላይ እየበዛ ያለው ሙሉ ኤሌክትሪኩ ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ዋናው ነገር ይኸውና። ከግድግዳ የሚመጣው መብራት ኤሲ ነው፤ አቅጣጫው እየተለዋወጠ የሚፈስ። ባትሪው የሚቀበለው ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚፈሰውን ብቻ ነው። ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ዕቃ መኪናው ውስጥ ተገጥሟል። ገመዱ መሃል ላይ ያለችው ሳጥን፣ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ ምንም አትቀይርም። ሥራዋ ለመኪናው «ይህን ያህል አምፔር መውሰድ ትችላለህ» ብላ መንገር፣ ችግር ካለ ደግሞ መቁረጥ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚወስኑት ሦስት ናቸው፤ የቤቱ መስመር፣ የገመዱ ሳጥንና የመኪናው መቀየሪያ። ከሦስቱ ዝቅተኛው ያዛል። አንድ ሰው ውድ ባለ 11 ኪሎዋት ሳጥን ገዝቶ ቢያሰቅል፣ የመኪናው መቀየሪያ 6.6 ኪሎዋት ከሆነ ከዚያ በላይ አያገኝም። ደንበኞቼ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ይህን እንዲያውቁ በጣም እፈልጋለሁ።

በቁጥር እንየው። ተራ ሶኬት ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሰካው ባለ 10 አምፔር ገመድ ነው። 10 በ220 ቮልት ሲባዛ 2.2 ኪሎዋት ነው። ሲቀየር የሚባክን ስላለ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 2 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። ቢዋይዲ ሲገል የሚባለው ትንሽ የቻይና መኪና ትልቁን ባትሪ ሲይዝ አቅሙ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከ20 በመቶ ተነስቶ ለመሙላት 31 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህ ማለት ከ15 እስከ 16 ሰዓት ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ተሰክቶ ጠዋት አንድ ሰዓት ከተነቀለ መኪናው የሠራው አሥር ሰዓት ብቻ ነው። ምንም ብልሽት የለበትም! 80 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የያዘ የቮልስዋገን አይዲ 4 ከሆነማ፣ ባዶውን በዚህ ሶኬት ለመሙላት ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈልጋል። ለብቻው በተዘረጋ ባለ 32 አምፔር መስመር ግን ያው ሲገል በአምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል።

ፈጣኑ ዲሲ ቻርጅ ሌላ መንገድ ነው። እዚያ መቀየሪያው ጣቢያው ውስጥ ነው፤ ኃይሉ በቀጥታ ባትሪው ጋ ይገባል። አምራቹ ለሲገል ከ30 እስከ 80 በመቶ በ30 ደቂቃ ይላል። ከ80 በኋላ ባትሪው ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ወረፋ ባለበት ጣቢያ የመጨረሻዋን 20 በመቶ ቆሞ መጠበቅ ለማንም አይበጅም።

የሶኬቱ ነገርም አለ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢቲ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ ለኤሲና ለዲሲ ሁለት የተለያየ ቀዳዳ አላቸው። የአውሮፓዎቹ ለኤሲ ታይፕ 2፣ ለዲሲ ሲሲኤስ 2 ናቸው። የኤሲዎቹ ቅርጽ ከሩቅ ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ግን ወንዴና ሴቴው የተገላበጠ ስለሆነ አይገጥሙም። ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናውን የቻርጅ ቀዳዳ ክዳን ከፍታችሁ እዩ።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ ጋ ደረስኩ፤ ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ። ጊቢ ሄጄ ካየኋቸው ያረጁ ቤቶች ብዙዎቹ ሶኬታቸው ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ግን ሽቦ የለም። ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ያለ እሱ ስለሚሠሩ ማንም ልብ አላለውም። የመኪናው ገመድ ግን ይፈትሻል፤ ከሌለ ቀይ አብርቶ እምቢ ይላል። ይሄኔ አንዳንድ ባለሙያ ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ከኧርዙ ጋር ሶኬቱ ውስጥ ያገናኘዋል። ሳጥኗ አረንጓዴ ታበራለች፣ ባለቤቱም ያመሰግናል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አንድ ቀን ኒውትራሉ ከላይ ቢበጠስ የመኪናው ቦዲ በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። ሕፃን ልጅ በር ሊከፍት ይችላል። ትክክለኛው ሥራ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ መቅበር፣ ሬዚስታንሱን በመሣሪያ መለካት፣ ከዚያም ከቆጣሪው አጠገብ የራሱ ብሬከርና የሊኬጅ መከላከያ (ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ የሚቆርጥ) ያለው መስመር መዘርጋት ነው። ኤክስቴንሽን ላይ መሰካትም አደገኛ ነው። ለስልክ የተሠራ ማከፋፈያ ለ15 ሰዓት 10 አምፔር አይሸከምም፤ ይቀልጣል።

ስለ መንገዱ ያሰላሁትም አለ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 አካባቢ። ሁለት ሰው የያዘ ሲገል ክብደቱ 1,400 ኪሎ ቢሆን፣ ያንን 700 ሜትር ለመውጣት ብቻ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ይበላል። ሜዳ ላይ ሃያ ኪሎ ሜትር ያስኬደው ነበር። ሲወርድ ከፊሉን በፍሬን ይመልሰዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። በዚያ ላይ በፈጣን መንገዱ 120 ሲነዳ የአየሩ ግፊት ከዳገቱ የባሰ ይበላል። ካታሎጉ ላይ ያለው 405 ኪሎ ሜትር በቻይና መለኪያ የተገኘ ነው፤ ዝግ ያለ የከተማ መንዳት ያመዘነበት። ወደ አዲስ አበባ ሄዶ መመለስ ይቻላል፤ ከአዳማ ሞልቶ መነሳት ግን ይሻላል። ደንበኛ ሲጠይቀኝ አሁን በዚህ ስሌት ነው የምመልሰው።

ቀጥሎ የምገባበት ባለ 12 ቮልቷ ትንሿ ባትሪ ናት። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ እሷ ከሞተች መኪናው አይነሳም፤ ይህ ደግሞ እኛ በደንብ የምናውቀው ሥራ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሸከሙትን ብርቱካናማ ገመዶች ግን ባለ 1,000 ቮልት ጓንት ሳይኖራችሁ፣ ሰርቪስ ፕለጉን (ትልቁን ባትሪ የሚያቋርጠውን መሰኪያ) ሳትነቅሉና የቀረውን ቮልቴጅ ሳትለኩ እንዳትነኩ። ኧርዝ የለካችሁ ካላችሁ ስንት ኦም እንዳገኛችሁና የሰፈሩ አፈር ምን ዓይነት እንደሆነ ላኩልኝ፤ የአዳማን በሰፈር በሰፈር መመዝገብ ጀምሬአለሁ።