የድሮ ዋጋ ሰው ስልክ ላይ ሲቀር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ እዛው ሰፈር የግንባታ እቃ የሚሸጡ ጋሼ የምላቸው ሰውዬ አሉ፣ ባለፈው ክረምት የዋጋ ዝርዝር የሚያሳይ ዌብሳይት ሰራሁላቸው። ማታ ማታ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ፎቶዎቹ አልከፈት ይላሉ፣ ደንበኛው ደግሞ አብዛኛው ፎርማን ነው፣ ከሳይት ሆኖ በራሱ ፓኬጅ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ካሽ ኮንትሮል የሚባለውን፣ ብሮውዘሩ ያወረደውን ፋይል ለስንት ጊዜ ይዞ እንደሚጠቀም የሚነግረውን ትእዛዝ፣ ለሁሉም ፋይል ማክስ ኤጅ 31536000 ብዬ ሞላሁት፣ የሚቆጠረው በሰከንድ ነው፣ አንድ አመት መሆኑ ነው። ብሮውዘሩ አንዴ ያወረደውን ስልኩ ላይ ያስቀምጥና እስከዛ ድረስ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ ከራሱ እያወጣ ያሳያል። ሁለተኛ ጊዜ ሲከፈት ወዲያው ይመጣል፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከሶስት ሳምንት በኋላ ጋሼ ደውለው "ልጄ እስቲ ብቅ በል" አሉኝ። ስደርስ አንድ ፎርማን ስልኩን ይዞ ቆሟል፣ ስክሪኑ ላይ ባለ 12 ብረት በድሮው ዋጋ፣ እኔ ግን ዋጋውን ከቀየርኩት አስር ቀን ሆኖኛል። በአንድ ቤርጋ 200 ብር ልዩነት፣ የሚፈልገው 40 ቤርጋ። ጋሼ "የኛ ገፅ ያለው ነው፣ ቃል ነው" ብለው በድሮው ሰጡት። 8000 ብር። እኔን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ ያ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ።

ለምን ቀድሜ አላየሁትም? ላፕቶፔ ላይ ዲቨሎፐር ቱልስ በሚባለው የብሮውዘሩ የሰሪዎች መሳሪያ ውስጥ ዲሴብል ካሽ፣ ማለትም የተቀመጠውን አትጠቀም፣ የሚለውን ምልክት አድርጌበት ነው የምሰራው፣ ስለዚህ ለኔ ሁሌ አዲሱ ነው የሚመጣው። ሰርቨሩ ላይ ብቀይር ብሰርዝም ሰው ስልክ ውስጥ የገባውን መልሼ ማምጣት አልችልም፣ አመት ሙሉ ያዘው ብዬ የፈቀድኩት እኔው ነኝ። የድሮውን አድራሻ ትቼ ዝርዝሩን አዲስ አድራሻ ላይ አወጣሁት፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ አዲስ ኪውአር ኮድ ለጠፍን፣ ሊንኩንም በቴሌግራም ላክን።

አሁን ገፁና የዋጋው ፋይል ኖ ካሽ ናቸው። ስሙ ያሳስታል፣ አታስቀምጥ ማለት አይደለም፣ አስቀምጥ ግን ከማሳየትህ በፊት ጠይቀኝ ነው፣ ጭራሽ አታስቀምጥ የሚለው ኖ ስቶር ነው። ፋይሉ ካልተቀየረ ሰርቨሩ 304፣ ማለትም አልተቀየረም፣ ብቻ ብሎ ይመልሳል፣ ድጋሚ አይወርድም፣ የሰው ፓኬጅም ብዙ አይበላም። ፎቶዎቹ አንድ አመት እንደተባሉ ናቸው ግን የፋይል ስማቸው ላይ ቁጥር አለ፣ ፎቶ ስቀይር ቁጥሩን እቀይራለሁ፣ ብሮውዘሩ እንደ አዲስ ፋይል ያወርደዋል።

ደንበኛው የሚመርጠውን የእቃ ዝርዝር ሎካል ስቶሬጅ በሚባለው የብሮውዘሩ የራሱ ማስቀመጫ ላይ ነበር የማስቀምጠው፣ እሱንም አሁን ሰርቨር ላይ አድርጌዋለሁ፣ ምክንያቱም አይፎን ላይ ሳፋሪ፣ ሰውዬው ብሮውዘሩን በተጠቀመባቸው 7 ቀናት ውስጥ ገፁ ካልተነካ ይሰርዘዋል። ኩኪ፣ ብሮውዘሩ ለገፁ የሚይዛት ትንሽ መረጃ፣ ለመግቢያ ብቻ ነው፣ በየጥያቄው አብሮ ስለሚላክ ማብዛት አልፈልግም።

ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ሱቁ እሄድና በጋሼ አሮጌ ስልክ፣ ምንም ሳላጠፋ፣ እሳቸው እንደሚከፍቱት ከፍቼ መጀመሪያ የባለ 12ን ዋጋ አያለሁ።