በዓለም 230ኛ ሆኖ መቸገር

በሙያው ከዓለም 230ኛ የሆነ ሰው ስንሰማ ኑሮው የተደላደለ ነው ብለን እናስባለን። ሐኪምም ይሁን እግር ኳስ ተጫዋች። በሜዳ ቴኒስ ግን እንደዚያ አይደለም። 230ኛው ልጅ ወጪ ለመቀነስ የሆቴል ክፍል ከሌላ ተጫዋች ጋር ተጋርቶ፣ ያለ አሰልጣኝ ብቻውን ከአገር አገር እየዞረ ሊሆን ይችላል።

ስለ ቁንጮዎቹ ስለ አልካራዝና ስለ ሲነር የሚያወራ አይጠፋም። የእኔ ልብ ግን ታች ያሉት ጋ ነው።

ከስር እንጀምር። ኤም 15 የሚባሉ የወንዶች ውድድሮች አሉ። ጠቅላላ ሽልማታቸው 15,000 ዶላር ነው፤ እሱም ለሁሉም የሚከፋፈል። ዋንጫውን ያነሳ 2,160 ዶላር ያገኛል፣ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ደግሞ 156 ዶላር። ከዚያም ላይ ግብር ይቆረጣል። ቲኬት፣ ሆቴል፣ ምግብ፣ የራኬት ክር፣ ሁሉም ከራስ ኪስ ነው። ቱኒዚያ ሞናስቲር ውስጥ እንዲህ ያሉ ውድድሮች በተከታታይ ሳምንታት ስለሚደረጉ ብዙዎቹ እዚያው ይከርማሉ፣ ቢያንስ የአውሮፕላኑ ወጪ ይቀንስላቸዋል።

ለዓለም ደረጃ የሚቆጠረው ነጥብም ያው ትንሽ ነው። የኤም 15 አሸናፊ 15 ነጥብ ያገኛል። በወንዶች የግራንድ ስላም (የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች) ማጣሪያ ለመግባት ደረጃህ 230 አካባቢ መሆን አለበት፣ ለዚያ ደግሞ በ52 ሳምንት ውስጥ ከ200 በላይ ነጥብ ያስፈልጋል። አስር ዋንጫ ያነሳ ልጅ 150 ነጥብ ብቻ ነው ያለው! ስለዚህ ከኤም 15 ከፍ ወዳሉት ቻሌንጀር ወደሚባሉ ውድድሮች መውጣት ግድ ነው። እዚያ ለአሸናፊው ከ50 እስከ 175 ነጥብ አለ፣ ከማጣሪያው አልፎ ዋናው ውድድር ውስጥ የገባም ሆቴሉ ይሸፈንለታል። ግን እዚያ የሚጠብቀው ከዓለም መቶ ምርጦች ውስጥ የነበረና ከጉዳት የተመለሰ ሰው ሊሆን ይችላል።

ለማጣሪያው ይህን ያህል የሚለፉት ለምን እንደሆነ ከገንዘቡ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ኦፕን ማጣሪያ የመጀመሪያ ዙር ላይ የተሸነፈ ሰው 27,500 ዶላር ወስዷል። አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ። ከአስራ ሁለት የኤም 15 ዋንጫ ይበልጣል። ሦስቱን የማጣሪያ ዙሮች አልፎ ዋናው ውድድር ውስጥ ከገባ ደግሞ፣ በመጀመሪያው ዙር ቢሸነፍም 110,000 ዶላር አለው። በዓመት አራት ጊዜ ብቻ የሚከፈት በር ነው። በጥቂት ነጥብ ከዝርዝሩ የቀረ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሊያስታምመው የሚችል ኪሳራ ነው የሚደርስበት።

«ጎበዝ ቢሆኑ ኖሮ ይወጡ ነበር» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ህንዳዊውን ሱሚት ናጋልን እዩት። እ.ኤ.አ. በ2023 መስከረም ላይ ባንክ ያለኝ 900 ዩሮ ነው ብሎ ተናገረ። ያኔ የአገሩ አንደኛ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ሜልቦርን ላይ በሚደረገው የአውስትራሊያ ኦፕን ማጣሪያውን አልፎ፣ በዋናው ውድድር አሌክሳንደር ቡብሊክን አሸነፈ፣ 180,000 የአውስትራሊያ ዶላርም አገኘ። በአራት ወር ውስጥ ሌላ ሰው አልሆነም፣ ያው ናጋል ነው።

ቫለንታን ቫሸሮስ? የሞናኮው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2025 ጥቅምት ሻንጋይ ሲሄድ ደረጃው 204 ነበር፣ ማጣሪያው ውስጥ እንኳን የገባው ከተጠባባቂነት ነው። ከዚያ ጆኮቪችን በግማሽ ፍጻሜ፣ የአክስቱን ልጅ አርተር ሪንደርክኔሽን በፍጻሜ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያ አንድ ውድድር ያገኘው ከ1.1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፣ እስከዚያ በሙሉ የቴኒስ ሕይወቱ ያገኘው ግን 600,000 እንኳን አልሞላም። አሰልጣኙ ወንድሙ ነው፣ ቫሸሮም ሆነ ሪንደርክኔሽ አሜሪካ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የተጫወቱ ናቸው። የኬንያዋ አንጄላ ኦኩቶዪም በ2022 ዊምብልደን በታዳጊዎች ጥንድ ዋንጫ ካነሳች በኋላ ወደ አሜሪካ ኮሌጅ ነው የሄደችው። እኔ በጣም ብልህ ውሳኔ ይመስለኛል። ኮሌጁ አሰልጣኝ፣ ሜዳና ጉዞ ይችላል፤ ኤም 15 ላይ ይህን ሁሉ የሚችልልህ የለም።

አንድ ሌላ ነገር። እኛም አገር ቤቲንግ ላይ የማያውቁትን የቴኒስ ተጫዋች ስም እየመረጡ ብር የሚያስይዙ ልጆች ሞልተዋል። እባካችሁ፣ ብራችሁ ሲበላ የተጫዋቹ ኢንስታግራም ላይ ገብታችሁ አትስደቡት። ያ ልጅ ለዚያ ሳምንት የተከፈለው ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ሊሆን ይችላል። «አንድ ሴት (set፣ የጨዋታውን አንድ ክፍል) ሆን ብለህ ተሸነፍልን» እያሉ ገንዘብ የሚያቀርቡ ሰዎችም የሚያነጣጥሩት እንዲህ የተቸገረውን ነው።

የወንዶች ቴኒስን የሚመራው ማኅበር ኤቲፒ እ.ኤ.አ. በ2024 ለወንዶች ዝቅተኛ የገቢ ዋስትና ጀምሯል። ሲጀመር እስከ 100ኛ ላሉት 300,000 ዶላር፣ እስከ 175ኛ 150,000፣ እስከ 250ኛ 75,000 ነበር፤ ገቢያቸው ከተወሰነው ካነሰ ልዩነቱ ይሞላላቸዋል። በጣም ጥሩ ነው፣ ዘግይቷል እንጂ። ግን 251ኛው ምን ይሁን? በእኔ እምነት ዋስትናው ቢያንስ እስከ 350ኛ መውረድ አለበት፣ ምክንያቱም ልጆቹ የሚያቋርጡት እዚያ አካባቢ ሲደርሱ ነው፤ አሰልጣኝ መያዝ የሚጀምሩበትም፣ ብሩ የሚያልቅባቸውም እዚያው ነው።

የቻሌንጀር ጨዋታዎች በኤቲፒ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያሉ። የሜልቦርን ማጣሪያ ዝርዝር ከመዘጋቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ከ220 እስከ 260 ያሉትን ተከታተሉ። እያንዳንዱ ጨዋታ ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ ፊታቸው ላይ ታዩታላችሁ።