የዛፍ እንቁራሪት መቼ ነው የምትታየው?

«በየትኛው ወር ልውጣ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ «መጀመሪያ ሰማዩን እይ» ነው። ወሩ ልክ ሆኖ ምሽቱ ደረቅና ነፋሻማ ከሆነ፣ ኩሬ ዳር ቆሞ ትንኝ ከመቀለብ በቀር የሚገኝ ነገር የለም። ወሩ ትንሽ ያለፈበት ቢሆን እንኳ ቀኑን ሲዘንብ ውሎ አመሻሽ ላይ ካባራና አየሩ ሞቅ ካለ፣ እኔ ቀጠሮ ቢኖረኝም እሰርዛለሁ።

ነገሩ ሁሉ ከቆዳቸው ይጀምራል። እንቁራሪት በአፏ አትጠጣም፤ ውሃ የምታስገባው በቆዳዋ ነው፣ የምታጣውም በዚያው ነው። አየሩ ሲደርቅ የዛፍ እንቁራሪት ቅጠል ስር ወይም የግንድ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ፣ እግሮቿን ሆዷ ስር ሰብስባ ንቅንቅ አትልም። እንደ ልቧ የምትንቀሳቀሰው እርጥበት ሲኖር ነው። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ውሃ ውስጥ ወይም ከውሃ በላይ መጣል ስላለባቸው፣ በዓመት ውስጥ ከዛፍ ወደ ኩሬ የሚወርዱባቸው ሳምንታት አሉ። የመታያ ወቅት የምንለው እነዚያን ሳምንታት ነው።

ብርዳማ አገሮች ላይ ዋናው ጊዜ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። አውሮፓ ውስጥ ያለችው አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት ከ5 ሳንቲ ሜትር አትበልጥም፤ ወንዶቹ ተሰብስበው ሲጮኹ ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማሉ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ስፕሪንግ ፒፐር የሚባሉት ጥቃቅኖች እስከዚያ አይታገሡም። በረዶው ከኩሬው ጠርዝ እንደለቀቀ፣ መጋቢት ላይ ይጀምራሉ። የእነሱው ጎረቤት የሆነችው ግራጫዋ የዛፍ እንቁራሪት ሙቀት ስለምትወድ ዘግየት ብላ ትመጣለች። ብርዱን የምታሳልፈው ከረገፈ ቅጠል ስር ሆና ነው፤ የሰውነቷ ውሃ በከፊል በረዶ ይሆናል፣ ልቧም ይቆማል። ሲሞቅ ትሟሟና ትነሳለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለምን በመጀመሪያው ሞቃት ቀን ብቅ አላለችም ብሎ መነጫነጭ ተገቢ አይመስለኝም።

ሐሩር አካባቢ ላይ ወሳኙ ዝናብ ነው። ኮስታ ሪካ ያሉት ዓይነ ቀዮቹ፣ ፖስት ካርድ ላይ የምታውቋቸው፣ ጊዜያቸው በጥቅሉ ከግንቦት እስከ ኅዳር ነው። ሰሜን አውስትራሊያ ላይ ደግሞ ዝናቡ የሚጀምረው ኅዳር አካባቢ ስለሆነ ያንኑ መከተል ነው። ዓይነ ቀዮቹን ለመፈለግ የግድ ሌሊት መጠበቅ የለባችሁም፤ በቀን ኩሬው ላይ ያዘነበሉትን ቅጠሎች ከስርም ከላይም ብታዩ፣ ዝልግልግ ያለ የእንቁላል ክምር ታገኛላችሁ። እንቁላሎቹ ራሳቸው ጉድ ናቸው። እባብ መጥቶ ክምሩን መንከስ ሲጀምር፣ ውስጥ ያሉት ግልገሎች ንዝረቱን ለይተው ከቀናቸው በፊት ይፈለፈሉና ውሃው ውስጥ ዱብ ዱብ ይላሉ። ንፋስና ዝናብ ሲያወዛውዛቸው ግን ብዙውን ጊዜ አይሸወዱም።

ሌሊቱ ተስማምቷችኋል እንበል። ጨለማ እንደያዘ ውጡ፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ ጩኸቱ እየሳሳ ይሄዳል። ስትጠጉ ሁሉም በአንዴ ጸጥ ይላል፣ ብዙ ሰው የሚመለሰውም እዚህ ላይ ነው። ባትሪያችሁን አጥፍታችሁ ቁሙ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ አንዱ ደፋር ይሞክራል፣ ሌላው ይመልስለታል፣ ከዚያ ሁሉም ይቀጥላሉ። አንዱን ድምፅ ብቻ ለይታችሁ ወደሱ ቀረብ በሉና ብርሃኑን ከጎን አብሩ፤ ፊቱ ላይ አታብሩበት። ጉሮሮው ሲነፋ ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል፤ በያንዳንዱ ጩኸት ጎኖቹ ጭብጥ ብለው ገብተው ይወጣሉ። ከምታዩዋቸው አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ሴቷ መርጣ፣ እንቁላሏን ጥላ፣ ብዙውን ጊዜ በዚያው ሌሊት ስለምትሄድ እሷን ያገኘ ዕድለኛ ነው። በእጅ መያዝ አያስፈልግም። ጫማችሁንም ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት አጥባችሁ አድርቁት፣ እንቁራሪቶችን የሚፈጀው ካይትሪድ የተባለው ፈንገስ በእርጥብ ጭቃ ይጓዛል።

አንዳንዴ ደግሞ ጠራራ ቀን ላይ፣ ከውሃ ርቆ፣ ከዛፍ መሃል አንድ ሁለት ጊዜ አጭር ጩኸት ትሰማላችሁ። አየሩ ሲከብድና ዝናብ ሲያስብ ይህ የተለመደ ነው። ባለቤቱን ለመፈለግ አትድከሙ፤ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን ስታዩ አንገታችሁ ይቀራል። ይልቅ ለምሽቱ ባትሪ ቻርጅ አድርጉ።

እንዲህ ሁሉ ብዬ ግን፣ እኔ በግሌ የምወደው ጊዜ ሁሉም ሰው አለፈ የሚለውን ነው። ብርዳማ አገሮች ላይ ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ፣ ጩኸቱ ካበቃ በኋላ፣ የዓመቱ ልጆች ከውሃ ይወጣሉ። የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክሉ ነው። አንዳንዶቹ ጭራቸው ገና አላለቀም፣ ትንሽ ጉቶ ከኋላቸው ትታያለች። ቅጠል ላይ ተለጥፈው፣ ዓይናቸውን ግማሽ ጨፍነው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የጣታቸው ጫፍ ላይ ያሉት ክብ መጣበቂያዎች በጣም ከመቅረባችሁ የተነሳ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ባትሪም፣ ቦቲ ጫማም፣ እንቅልፍ ማጣትም የለም። ልጆች ይዞ ለመውጣት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላውቅም። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ ኩሬው አጠገብ ያለውን እሾሃማ ቁጥቋጦና ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ፀሐይ በሚመታው ጎን በኩል፣ ከጉልበት እስከ ደረት ከፍታ ድረስ ቀስ እያላችሁ እዩ። አንዷን ካገኛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ዙሪያዋን ፈትሹ፣ ብቻዋን አትሆንም።