ላሚኔቱ ከቢሙ መቼ እንደሚላቀቅ ቀድሞ ማስላት፦ የሠራሁበት መንገድና ያስተማረኝ

ከሥሩ የካርቦን ፋይበር ላሚኔት (ለማጠናከሪያ በኢፖክሲ ሙጫ የሚለጠፍ ስስ ጠፍጣፋ ሉህ) የተለጠፈበት የኮንክሪት ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ፋይበሩ ተበጥሶ አይደለም። ፋይበሩ ብዙ ጊዜ የአቅሙን ግማሽ እንኳ ሳይሠራ ከኮንክሪቱ ይላቀቃል። ስለዚህ የንድፉ ወሳኝ ቁጥር ላሚኔቱ የሚላቀቅበት ስትሬን (ከርዝመቱ አንጻር የተሳበበት መጠን) ነው። እሱን ለመገመት ከታተሙ የላብራቶሪ ሙከራዎች ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ፣ በታወቁ ቀመሮች አሰላሁ፣ ቀጥሎም በላዩ የማሽን ለርኒንግ (ከመረጃ የሚማር) ሞዴል ጨመርኩ። ብዙው ስህተት የተገኘው ግን ቀመሮቹ ውስጥ ሳይሆን እኔ ባስገባሁላቸው ቁጥሮች ውስጥ ነው።

ከሁሉ በፊት አሰባበሩን መለየት ያስፈልጋል። «ተላቀቀ» ብሎ መመዝገብ ብቻውን ምንም አይነግርም፤ የወደቀውን ላሚኔት ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው። ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ የኮንክሪት ቅርፊት ከደቃቅ ጠጠር ጋር ተጣብቆበት ከመጣ፣ መላቀቁ ከቢሙ መሃል ስንጥቅ ተነስቶ ወደ ጫፍ የሄደ ነው። ከቨሩ (ብረቱን የሸፈነው የኮንክሪት ንብርብር) እስከ ቶንዲኖው ድረስ ተገንጥሎ፣ ብረቱ ራቁቱን ቀርቶ ከሆነ፣ ከላሚኔቱ ጫፍ የጀመረ የከቨር መገንጠል ነው። ጀርባው ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ ኢፖክሲ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የገጽታ ዝግጅት ነው፦ አቧራ፣ እርጥበት ወይም ያልተፋቀ የሲሚንቶ ቅርፊት። የመጨረሻውን ዓይነት ከሰንጠረዡ አወጣሁት፤ የሥራ ጥራትን የሚተነብይ የጥንካሬ ቀመር የለምና። ሁለቱን ቀሪዎች ደግሞ ለየብቻ አስቀመጥኩ። አንድ ላይ ሲሰሉ ሞዴሉ የሁለቱን አማካይ ይማራል፤ አማካዩ ለአንዳቸውም አይሆንም።

ለመሃል ስንጥቁ የተጠቀምኩት የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ 440.2አር ቀመር ነው። የሚላቀቅበት ስትሬን = 0.41 × √(የኮንክሪት ጥንካሬ ÷ (የንብርብር ብዛት × የፋይበሩ ኢላስቲክ ሞጁለስ × ውፍረት))፤ ከመበጠሻ ስትሬኑ 0.9 እጥፍ ግን መብለጥ የለበትም። ሞጁለስ የቁሱ ግትርነት ነው። ኮንክሪቱ 25 ሜጋፓስካል፣ ሞጁለሱ 165,000 ሜጋፓስካል፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊሜትር ይሁን። ውጤቱ 0.0046 ነው። ላሚኔቱ 100 ሚሊሜትር ስፋት ካለው የሚሸከመው (ስትሬን × ሞጁለስ × ውፍረት × ስፋት) 91 ኪሎኒውተን ገደማ ይሆናል። ሁለተኛ ንብርብር ከተለጠፈበት ስትሬኑ ወደ 0.0033 ይወርዳል፣ ኃይሉም 129 ኪሎኒውተን ይሆናል። ቁሳቁሱ በእጥፍ ጨምሮ ትርፉ 41 በመቶ ብቻ ነው። ቦታ ካለ በውፍረት ከመደራረብ በስፋት መለጠፍ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የቼን እና ቴንግ የ2001 ቀመርንም ሞከርኩ። ቢሙ 250 ሚሊሜትር ስፋት ሲኖረው ለዚያው ላሚኔት 45 ኪሎኒውተን ሰጠኝ፤ የመጀመሪያው ቀመር ውጤት ግማሽ ማለት ነው። ቀመሩ አልተሳሳተም። የተሠራው ላሚኔት በአንድ ወገን ከኮንክሪት ብሎክ ላይ ሲጎተት ከሚገኝ ውጤት ነው። እዚያ ኃይሉ የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ቢም ላይ ግን ስንጥቆቹ ብዙ ናቸው፤ በሁለት ስንጥቆች መካከል ያለው ማጣበቂያ የሚሸከመው የሁለቱን ልዩነት እንጂ ሙሉውን ኃይል አይደለም። የጉተታ ቀመርን ለቢም መሃል መጠቀም አቅሙን አሳንሶ ያሳያል።

አሁን ቁጥሮቹ። የኮንክሪት ጥንካሬ ናሙና ጨፍልቆ ይለካል፤ አንዳንድ ሪፖርት የኪዩብ፣ ሌላው የሲሊንደር ናሙና ጥንካሬ ይጽፋል። የ30 ሜጋፓስካል ኪዩብ በሲሊንደር 25 ገደማ ነው፤ 30ን እንዳለ ማስገባት ስትሬኑን 10 በመቶ ገደማ ያሳብጣል። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። አደገኛው የጨርቅ ፋይበር (ኢፖክሲ ጠጥቶ የሚለጠፍ ጨርቅ) ውፍረት ነው። አምራቾች አንዳንዴ ኢፖክሲ ያልነካውን የደረቁን ፋይበር ቁጥር ብቻ ይሰጣሉ፦ 0.166 ሚሊሜትር ውፍረትና 230,000 ሜጋፓስካል። ኢፖክሲ ጠጥቶ የጠነከረው ግን ሲለካ 1 ሚሊሜትር ይሆናል። የደረቁን ፋይበር ሞጁለስ በ1 ሚሊሜትር ያባዛ ሰው ለ100 ሚሊሜትር ስፋት 98 ኪሎኒውተን ያገኛል፤ ትክክለኛው 40 ነው። ሞጁለስና ውፍረት ሁልጊዜ ከአንድ ገጽ፣ ከአንድ ፍቺ መወሰድ አለባቸው። ፍቺው ያልተጻፈበትን ረድፍ ሰረዝኩት።

ሌላው የሚረሳ፦ ላሚኔቱ ሲለጠፍ ቢሙ ባዶ አይደለም። የራሱ ክብደትና ያልተነሳው ጭነት በታችኛው ፊት ላይ ስትሬን ፈጥሯል፤ ላሚኔቱ የሚጀምረው ግን ከዜሮ ነው። ያንን መነሻ ካልቀነስኩ የማገኘው ስትሬን ከእውነቱ ይበልጣል።

ለጫፉ ቀመሩ ሌላ ነው። የላሚኔቱ ጫፍ ላይ ያለው ሺር (ቢሙን በአቋራጭ የሚቆርጠው ኃይል)፣ የኮንክሪቱ ብቻ ሺር አቅም 0.67 እጥፍ ካለፈ መመሪያው በዩ ቅርጽ በሚጠቀለል ጨርቅ ጫፉ እንዲታሰር ይጠይቃል። ስፋቱ 250፣ ከላይ እስከ ብረቱ ያለው ጥልቀት 450 ሚሊሜትር በሆነ ቢም፣ በ25 ሜጋፓስካል ኮንክሪት የኮንክሪቱ አቅም 96 ኪሎኒውተን ገደማ ነው፤ ገደቡ 64 ይሆናል። ላሚኔቱም ሞመንቱ (ቢሙን የሚያጥፈው ጉልበት) ስንጥቅ ከሚጀምርበት ቦታ አልፎ ቢያንስ የመልህቅ ርዝመቱን (ኃይሉን ለኮንክሪቱ ለማስተላለፍ የሚያስፈልገውን ርዝመት) ያህል መሄድ አለበት፤ ከላይ ላለው ላሚኔት 200 ሚሊሜትር ገደማ።

የኮንክሪቱን ገጽ ጥንካሬ ከሲሊንደር ማወቅ አይቻልም፤ የሚላቀቀው ቆዳው ነውና። ለዚህ 50 ሚሊሜትር ዲስክ ለጥፎ መንቀል ነው። ቢያንስ 1.4 ሜጋፓስካል ያስፈልጋል፣ ማለትም 2.75 ኪሎኒውተን፤ ስብራቱም ኮንክሪቱ ውስጥ መሆን አለበት። በዲስኩ ዙሪያ የሚቆረጠው ክብ ፋይበሩን አልፎ ኮንክሪቱ ውስጥ ካልገባ ኃይሉ ወደ ጎን ይሰራጭና ቁጥሩ በሐሰት ያድጋል።

ማሽን ለርኒንጉ ጋ ስደርስ መጀመሪያ ረድፎቹን በዘፈቀደ ለስልጠናና ለፈተና ከፈልኳቸው። ውጤቱ ለማመን የሚከብድ ጥሩ ሆነ፤ አለማመኑም ትክክል ነበር። ከአንድ ሙከራ የወጡ ቢሞች ኮንክሪታቸው፣ ኢፖክሲያቸው፣ ሠራተኛቸው አንድ ነው። አንዱ ስልጠና ውስጥ፣ ወንድሙ ፈተና ውስጥ ሲገባ ሞዴሉ ያስታውሳል እንጂ አይተነብይም። ስለዚህ የአንድ ሙከራ ቢሞች ሁሉ በአንድ ወገን እንዲሆኑ አድርጌ ከፈልኩ። የሚተነበየውንም ቀየርኩ፦ የሚሰብረውን ጭነት ሳይሆን የሙከራ ውጤቱ ለቀመሩ ውጤት ሲካፈል የሚገኘውን። እንዲህ ሲሆን ሞዴሉ ፊዚክሱን ከዜሮ አይማርም፤ ቀመሩ የቀረበትን ብቻ ያርማል። በውሳኔ ዛፍ ላይ የተመሠረቱ (መረጃውን በጥያቄ እየከፋፈሉ የሚገምቱ) ሞዴሎች ካዩት ክልል ውጭ መገመት አይችሉም። አብዛኞቹ የላብራቶሪ ቢሞች ደግሞ ትንንሽ ናቸው። ለትልቅ ቢም የቀመሩን ውጤት ብቻ እወስዳለሁ።

ትንበያውን በሙከራ ለማየት ስትሬን ጌጆችን (ስትሬን የሚለኩ ትንንሽ መለኪያዎችን) በላሚኔቱ ላይ በ100 ሚሊሜትር ርቀት መደርደር ይበቃል። በሁለት ጌጆች መካከል ያለው ልዩነት 0.001 ከሆነ፣ ከላይ ባለው ላሚኔት በመካከላቸው ማጣበቂያው በአማካይ 2 ሜጋፓስካል ገደማ እየተሸከመ ነው። ሺር ባለበት ክፍል ላይ ጭነቱ እየጨመረ ልዩነቱ ወደ ዜሮ ከወረደና ሁለቱ ጌጆች እኩል ካነበቡ፣ በመካከላቸው ያለው ላሚኔት ከኮንክሪቱ ተላቅቋል፤ ገና ባይወድቅም።