ቅሬታና ክስ የሚቀንሰው የሐኪም ንግግር ስልጠና ምን ዓይነት ነው?

የቅሬታ መዝገቡ ሲሞላ ሆስፒታሎች የሚጠሩት ስልጠና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አዳራሽ ይያዛል፣ ስለ ርኅራኄ ግማሽ ቀን ስላይድ ይታያል፣ የመገኘት ፊርማ ይሰበሰባል። በማግስቱ ተመላላሽ ክፍሉ እንደነበረው ይቀጥላል። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከአራት ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ማድረጉ ትክክል ነበር። ግን ሩህሩህ ሁን የተባለው ሐኪም በሩ ላይ ወረፋ ተሰልፎ ሲጠብቀው ምን ብሎ እንደሚጀምር አልተነገረውም። ከታካሚ ጋር መነጋገር እንደ ቁስል ስፌት እየተሠራና እየታረመ የሚለመድ ሙያ ነው፤ ስልጠናውም እንደዚያው መሆን አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዋ ዌንዲ ሌቪንሰንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ የ124 ሐኪሞችን ምርመራ በድምፅ ቀድተው፣ ተከሰው የሚያውቁትን ከማያውቁት ጋር አነጻጸሩ። ከመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ሐኪሞች መካከል ተከሰው የማያውቁት ለአንድ ታካሚ በአማካይ 18.3 ደቂቃ ሰጥተዋል፤ የተከሰሱት ደግሞ 15 ደቂቃ። ሦስቱን ደቂቃ ብቻ ማየት ግን ያሳስታል። ያልተከሰሱት «መጀመሪያ እመረምርዎታለሁ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» እያሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ይናገሩ፣ የታካሚውን ሐሳብ ይጠይቁ፣ የተረዱትን መልሰው ያረጋግጡ፣ አብረው ይስቁም ነበር። በቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ላይ ይህ ልዩነት አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2002 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ናሊኒ አምባዲ የቀዶ ሐኪሞችን የ10 ሰከንድ ቅጂዎች ወስዳ፣ ቃላቱ እንዳይለዩና ቃናው ብቻ እንዲሰማ አድርጋ ስታስደምጥ ግን፣ ድምፃቸው አዛዥ ሆኖ የተሰማው ሐኪሞች ከተከሰሱት ወገን የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ልምምዱ የሚባለውን ብቻ ሳይሆን የሚባልበትን ድምፅም መያዝ አለበት።

መጀመሪያ መለማመድ ያለበት ዝም ማለት ነው። በስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ 335 ታካሚዎች ሳይቋረጡ እንዲናገሩ ሲፈቀድላቸው በአማካይ በ92 ሰከንድ ጨርሰዋል፤ 78 በመቶው ሁለት ደቂቃ አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ግን ሐኪሞች በአማካይ በ18ኛው ሰከንድ እንደሚያቋርጡ አሳይቷል። የተቋረጠ ታካሚ ዋናውን ጉዳይ እጁን በሩ እጀታ ላይ አድርጎ ይናገራል፤ ወይም ሳይናገር ይሄዳል። «ዛሬ ምን አመጣዎት?» ብሎ መጠየቅ፣ ዓይንን ከካርዱ ማንሳት፣ ሲጨርስ «ከዚህ ሌላስ?» ማለትና ሁሉም ጉዳይ ከተሰማ በኋላ ወደ ምርመራ መግባት ይበቃል። ስሙ ካርዱ ላይ ተጽፎ ሳለ አንድን አዛውንት «አንተ፣ ና ግባ» ብሎ መጥራት ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ጥሩ ሥራ ሁሉ ያበላሻል።

መጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ይለማመዱት። «ገባዎት?» የሚለው ጥያቄ ዋጋ የለውም፤ ሐኪም ፊት «አልገባኝም» የሚል ሰው ጥቂት ነው፣ እንደ አለማክበር ይቆጠራል። «በደንብ ማስረዳቴን ማወቅ ስለፈለግሁ ነው፤ ቤት ሲገቡ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ሲባል ግን ጫናው ወደ ሐኪሙ ይዞራል፣ ስህተቱም እዚያው ይታረማል። ጊዜ ሲጠፋ መሃሉን ማሳጠር ይቻላል። እነዚህን ሁለት ጫፎች ግን መተው አይገባም።

የራውንድ፣ ማለትም ሐኪሞች በቡድን አልጋ ለአልጋ እየዞሩ የሚያዩበት ጉብኝት፣ በኛ ሆስፒታሎች ለብቻው መሰልጠን ያለበት ጉዳይ ነው። ሐኪሞቹ አልጋውን ከበው በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ፣ ታካሚው «ካንሰር» የሚለውን ብቻ ለይቶ ይሰማል፣ ቡድኑ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድ ሰው፣ ለምሳሌ ሬዚደንቱ (ለስፔሻሊስትነት የሚሠለጥነው ሐኪም)፣ አንድ ደቂቃ ወደኋላ ቀርቶ በታካሚው ቋንቋ ሦስት ነገር ይንገረው፤ ምን እንደተገኘ፣ ዛሬ ምን እንደሚደረግ፣ ነገ ምን እንደሚጠበቅ። ታካሚው አማርኛ የማይሰማ ከሆነ አብሮት የመጣውን ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም፤ ልጅ ለእናቱ ክፉውን ዜና ቀንሶ ነው የሚተረጉመው።

ፈቃድን በተመለከተ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ታካሚው አውቆ እንዲፈቅድ ደንግጓል። በተግባር ግን ቀዶ ክፍል በር ላይ ወንድሙ የሚፈርመው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ውስብስብ ችግር ሲመጣ «አልተነገረን» የሚለው ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። ልምምዱ ላይ ሐኪሙ ሕመሙን፣ የሚሠራውን፣ ሊያጋጥም የሚችለውን የተለመደና ከባድ ችግር፣ ሌላ አማራጭ መኖሩንና ካልተሠራ የሚሆነውን በአምስት ደቂቃ ይናገር። ቁጥሩን «ሁለት በመቶ» ከማለት «እንዲህ ከተሠራላቸው መቶ ሰዎች ሁለቱ» ማለት ይሻላል።

ክፉ ዜና ለመናገር እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ባለስድስት ደረጃው ስፓይክስ የሚባለው ዘዴ በብዙ ቦታ ይሰጣል። ቦታ ማመቻቸት፣ ታካሚው ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ መንገር፣ ስሜቱን መቀበል፣ ቀጣዩን ማቀድ ነው። ለኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። መርዶ በባህላችን ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ተመርጦ ነው የሚነገረው። ሆስፒታል ውስጥ ግን ኮሪደር ላይ በሚያልፍ ሰው አፍ ይነገራል፣ ቤተሰቡም ያንን ዕድሜ ልክ አይረሳውም። ወንበር ያለበት ክፍል ይፈለግ፣ የሚያጽናና ዘመድ ይጠራ፣ «ሞቷል» የሚለው ቃል በግልጽ ይነገር።

ጉዳት ሲደርስ ደግሞ ትልቁ ስህተት መሰወር ነው። ፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2031 ባለሙያውን የሚጠይቀው በሙያው ደንብ ባለመሥራትና በቸልተኝነት ነው። ስለዚህ «በደረሰብዎት ነገር በጣም አዝኛለሁ» ማለት በራሱ ጥፋትን ማመን አይደለም። ከዚያ የታወቀውን ብቻ መናገር፣ ምክንያቱን አለመገመት፣ ያለፈውን ተረኛ አለመውቀስ፣ ምን እንደሚጣራና መልሱ በየትኛው ቀን በማን እንደሚነገር ቃል መግባት ያስፈልጋል። ቃል በተገባበት ቀን አዲስ ነገር ባይኖርም መደወል ግድ ነው። ካርዱ ላይ ሰዓቱ፣ የተነገረው ነገርና የተገኙት ሰዎች ይጻፉ፤ ቀድሞ የተጻፈው ግን ፈጽሞ አይነካ። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ስህተትን ገልጦ የመናገርና ካሳ የማቅረብ አሠራር ከያዘ በኋላ አዲስ የካሳ ጥያቄ ከ100,000 የታካሚ ግንኙነት ከ7.03 ወደ 4.52 ወርዷል። በዚያው ዘመን በግዛቱ ክስ በጠቅላላ እየቀነሰ ስለነበር ለውጡ ሁሉ ከዚህ አሠራር የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ቢያንስ ግን መናገር ክስ ያበዛል የሚለው ፍርሃት አልተረጋገጠም።

ልምምዱን በሦስት ሦስት ሰው ማድረግ ነው፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ታካሚ፣ አንዱ ታዛቢ። የማስመሰል ጨዋታው ስድስት ደቂቃ፣ አስተያየቱ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ የተበላሸችው ክፍል ብቻ ወዲያው ትደገማለች። ይህ ድግግሞሽ ከቀረ ሁሉም ውይይት ብቻ ይሆናል። ታዛቢው ስለ ባሕርይ አይናገርም፤ ይቆጥራል። ሐኪሙ በስንተኛው ሰከንድ አቋረጠ፣ ስንት የሕክምና ቃል ሳይፈታ ቀረ፣ ታካሚው መልሶ እንዲናገር ተጠየቀ ወይ? ጉዳዮቹ የታካሚው ስምና መለያ ተሰርዞ ከሆስፒታሉ የራሱ የቅሬታ መዝገብ ይወሰዱ። በሁለት ሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት፣ በዓመት አንዴ ከሚደረግ የሁለት ቀን ስልጠና ይሻላል።

የሚያከሽፉት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ስፔሻሊስቱ ካልመጣ ኢንተርኑ (በተግባር ልምምድ ላይ ያለው የሕክምና ተማሪ) የተማረውን በማግስቱ ራውንድ ላይ ይጥለዋል። ጥበቃው፣ ካርድ ክፍሉና ገንዘብ ተቀባዩ ከተዘነጉ ታካሚው ሐኪሙ ጋር የሚደርሰው ተቆጥቶ ነው። ያለቀን መድኃኒትና የተበላሸን ማሽን ደግሞ ምንም ዓይነት አነጋገር አይተካም። ውጤቱን ከ1,000 ታካሚ ስንት ቅሬታ እንደመጣና ምን ዓይነት እንደሆነ እየለዩ መለካት ይቻላል። ሰዎች የሚሰማቸው እንዳለ ሲያዩ ቅሬታው መጀመሪያ ላይ ሊጨምር ስለሚችል አመራሩ ይህንን አስቀድሞ ይወቅ፤ ካልሆነ ስልጠናው ፍሬ ሳያሳይ ይዘጋል።