በእርሳስ የተጻፈው ማስታወሻ

በታሪክ ዓምድ አርታኢነት ስሠራ ብዙ ስህተት አርሜያለሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ትክክሉን ያረምኩበት ቀን ነው።

ጽሑፉ የጀርመኗን የጦር መርከብ የቢስማርክን መታደን የሚተርክ ነበር። ወጣቱ ባልደረባዬ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሸፊልድ በተባለችው መርከብ ላይ ቶርፔዶ፣ ማለትም በውኃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ የሚመታ ፈንጂ፣ መጣላቸውን ጽፏል። ሸፊልድ የእንግሊዝ መሆኗን አውቃለሁ። ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ተቃርቧል። «የእንግሊዝ» የሚለውን ሰርዤ «የጀርመን» አልኩት።

መጽሔቱ ሲወጣ ባልደረባዬ ገልጦ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። አልተቆጣም።

«ጋሼ፣ የጣሉት ጀርመኖች ከሆኑ፣ እንግሊዞች ማታ የቶርፔዶውን ማፈንጃ ለምን ቀየሩ?»

መልስ አጣሁ። አብራሪዎቹ በአካባቢው ከቢስማርክ በቀር ሌላ መርከብ እንደሌለ ተነግሯቸው ነበር። ሸፊልድ ወደፊት መላኳን የሚገልጸው መልእክት በጊዜው ተፈትቶ አልተነበበም፤ «ከሸፊልድ ተጠንቀቁ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሲተላለፍ ጊዜው አልፏል። ቢስማርክ ባለ አንድ ጭስ ማውጫ፣ ሸፊልድ ባለ ሁለት ናት። በደመናውና በዝናቡ መካከል ግን አብዛኞቹ ያዩት ሊያዩ የጠበቁትን ነው። 11 ቶርፔዶ ጣሉ። የሸፊልድ ሰዎች አውሮፕላኖቹ የወገን መሆናቸውን ስላወቁ አንድም ጥይት አልተኮሱም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ከቶርፔዶዎቹ ጥቂቶቹ ውኃ እንደነኩ ፈነዱ፤ ከቀሩት መርከቢቱ እየተጠማዘዘች አመለጠች። መርከብን ሳይነካ በመግነጢሷ የሚፈነዳው የመግነጢሳዊው ማፈንጃ ጉድለት የታየው በዚህ ነው። ማታ በግጭት በሚፈነዳ ተክተው ወጡ፤ የቢስማርክም አቅጣጫ መቀየሪያ መሪዋ ተመታ። የእኔ እርማት ይህን ሁሉ ትርጉም አሳጥቶታል።

ረቂቁን ከመሳቢያ አወጣሁ። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ስህተት አይደለም፤ የራሳቸው አውሮፕላኖች ናቸው» ተብሎ ተጽፏል። ቀዩ መስመሬ ማስታወሻውን ረግጦ አልፏል። እነዚያን አብራሪዎች በግድየለሽነት መክሰስ ይቀላል፤ እነርሱን የጋረዳቸው ደመና ነበር፣ እኔ ግን በመብራት ሥር ተቀምጬ ነበር።

ዋና አዘጋጁ «ማን ያስተውለዋል?» ብለው ማረሚያ ማውጣቱን ተቃወሙ። አጥብቄ ተከራከርኳቸው። በቀጣዩ እትም ሦስት መስመር ወጣ። ስህተቱ የአርታኢው እንጂ የጸሐፊው አለመሆኑን የሚገልጸው አራተኛው መስመር ግን ቦታ ጠበበ ተብሎ ተቆርጧል። የዚያ ልጅ ስም አሁንም ከእኔ ስህተት በላይ ታትሞ ይገኛል።