በአሮጌው አዳራሽ ክራር የምትደረድረው ሴት

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ በደርግ ዘመን የቀበሌ የኪነት ቡድን ይለማመድበትና ትርኢቱን ያሳይበት የነበረ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ አለ። ዛሬ ለስብሰባና ለዕቃ ማስቀመጫ ያገለግላል፤ መድረኩ ግን አልፈረሰም፣ የመጋረጃው ሽቦም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እንደተወጠረ ነው። በሰፈሩ ያደገ ሰው ሁሉ ስለዚህ ቤት የሚያወራው አያጣም። አንዱ እኩለ ሌሊት ላይ ክራር ሰማሁ ይላል፤ ሌላው በባዶው አዳራሽ ውስጥ ጭብጨባ እንደነበረ ይምላል፤ ተዋንያን ይለብሱባት በነበረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የሀገር ልብስ የለበሰች ሴት አይቻለሁ የሚሉም አሉ።

ከታላላቆቻችን የሰማነው የጋኔን ወሬ ከዚህ የተለየ ነው። ጋኔን በሌሊት ብቻ ሳይሆን በቀትርም ይፈራል፤ ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ «የቀትር ጋኔን» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ውሃ ዳር፣ አመድ መድፊያ፣ ፍርስራሽና ትልልቅ ዛፍ ሥር ያድራል ይባላል፤ ሰው ይለክፋል፣ የተለከፈውም ጠበል ይወሰዳል። ዛር ደግሞ በሰው ላይ ይወርዳል፣ ስሙን ይናገራል፣ ዕጣንና ቡና ያዛል፤ የሰፈረበትም ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል። በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ ይህንን የተከታተለው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ፣ የዛር አወራረድ ከቴአትር ጋር ያለውን ዝምድና በኋላ በሰፊው ጽፎበታል። የአዳራሹ መንፈሶች ግን ማንንም አይለክፉም፣ ከማንም ምንም አይጠይቁም። በሚወራላቸው ሁሉ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ይለማመዳሉ። እኔን ወደዚህ ወሬ የሳበኝም ይኸው ነው።

ድምፆቹን በተመለከተ ምክንያት ማግኘት አያስቸግርም። ቀን በፀሐይ የተለጠጠ ቆርቆሮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብም በተከታታይ ይንጣጣል፤ ጭብጨባ የተባለው ይህ ይመስለኛል። ጉማሬ ከመሸ በኋላ ከሐይቁ ወጥቶ ሣር ስለሚግጥ፣ ጩኸቱ በባዶ አዳራሽ ውስጥ ሲያስተጋባ የወፍራም ሰው ሳቅ ይመስላል። በተሰበረው መስኮት የሚገባው ነፋስም የመጋረጃውን ሽቦ ያርገበግበዋል። ይሁን እንጂ ሽቦው ለምን ክራር ሆኖ እንደተሰማ፣ ክራሩንም ለምን ሴት እንደምትደረድረው ነፋሱ አይነግረንም።

ለዚህ የኪነቱን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ክፍለ ሀገሮች የታወቁ ቡድኖች ነበሯቸው፤ የጎጃም ግሽ ዓባይ፣ የጎንደር ፋሲለደስና የወሎ ላሊበላ ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል። ከእነሱ በታች ደግሞ በየቀበሌው ስማቸው የትም ያልተጻፈ ወጣቶች ቀን እየተማሩ ወይም እየሠሩ፣ ማታ እስክስታና ድራማ ይለማመዱ ነበር። ግጥሙ ብዙውን ጊዜ ስለ አብዮቱና ስለ እናት ሀገር እንዲሆን ይታዘዛል፤ ዜማው ግን የአገሬው ነበር፣ ሰውም የሚመጣው ለዜማው ነው። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በተካሄደው የሶማሊያ ጦርነትም ሆነ በኋላ በሰሜን፣ ኪነተኞች ሠራዊቱን ለማበረታታት ወደ ግንባር ይላኩ ነበር።

የዚያ አዳራሽ ጥበቃ የነበሩ አዛውንት እንደነገሩኝ፣ በቡድኑ ውስጥ ክራር የምትደረድር አንዲት ልጅ ነበረች፤ ወደ ሰሜን ከሄደ ቡድን ጋር ተጉዛ ሳትመለስ ቀረች። አስከሬኗ ስላልመጣ ለቅሶው የተደረገው በልብሷና በፎቶዋ ነው። ጋሼ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ማታ አዳራሹን ሲቆልፉ መድረኩ ላይ ፋኖስ አብርተው ይተዉ እንደነበር ነግረውኛል፤ በጨለማ እንዳትለማመድ ብለው ነው። በውጭ አገር ቴአትር ቤቶችም ሌሊት መድረክ ላይ አንድ አምፖል በርቶ ያድራል፤ ሰው ተደናቅፎ ከመድረክ እንዳይወድቅ ነው ቢባልም፣ ለመንፈሶች ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ጋሼ ይህንን ከማንም አልሰሙም፤ በሐዘናቸው ብቻ ያደረጉት ነው።

ታናሽ እህቷ ዛሬም እዚያው ሰፈር ትኖራለች፤ ወሬውንም አትወደውም። ታላቅ እህቷ የተጠመቀች ክርስቲያን እንደነበረች፣ ፍትሐት እንደተደረገላት፣ ተዝካሯም እንደወጣ አስረድታ፣ እህቴን ጋኔን አታድርጓት አለችኝ። ልክ ናት። የሰፈሩ ሰው ወሬውን ያቆየው ከክፋት ሳይሆን እሷን የሚያስታውስበት ሌላ ነገር ስላጣ እንደሆነ አምናለሁ፤ በአዳራሹ ውስጥ የቡድኑ ስም ያለበት አንድ ወረቀት እንኳን የለም። ነገር ግን ወሬው እየተላለፈ ሲሄድ ክራሩ እየተረሳ፣ የምታስፈራው ሴት ብቻ እየቀረች ነው። የዛሬ ልጆች ፀጉሯን ፈትታ ትጮኻለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጋሼ የሚያውቋት ልጅ ግን አዲስ የመጡትን ጀማሪዎች አጠገቧ አስቀምጣ ክራር አቃኝታ የምታስተምር ነበረች።

ስለዚህ ይህንን የጻፍኩት በእህቷ ፈቃድ፣ የሁለቱንም ስም ትቼ ነው። በሕይወት ያሉት የቡድኑ አባላት ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል፤ የሚያስታውሱትን ዜማ አሁኑኑ መቅዳት ጀምሬያለሁ። በዚያ መድረክ የተነሣ ፎቶግራፍ ወይም በካሴት የተቀዳ ዘፈን በቤቱ ያለው ሰው ቢያሳየኝ፣ ቅጂውን ለቤተሰቧ አደርሳለሁ።